የተመለሰው ዱቄት፦ ኃላፊ ከሥራው የሚማረው መቼ ነው?

እንደምን ዋላችሁ። ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አብዛኞቻችሁ ባለፉት አንድ ሁለት ዓመታት ቡድን መሪ፣ የፈረቃ ኃላፊ ወይም የክፍል ኃላፊ የሆናችሁ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ እነሱን የሾማችሁ ናችሁ። ዛሬ የምናገረው ለሁለታችሁም ነው። ምናልባት ይበልጡን ለሾሚዎቹ።

በአንድ ጠዋት ልጀምር። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ከተሾምኩ አራት ወር ሆኖኛል። አንድ አይሱዙ ግቢ ገብቶ ቆመ። የጫነው የእኛኑ ዱቄት ነው። አርባ ከረጢት። ከጋቢናው የዳቦ ቤቱ ባለቤት ወረዱ። የሽያጭ ኃላፊው የዚያን ቀን ለቅሶ ሄዷል። ጥበቃው ግራ ሲገባው ወደ እኔ ላካቸው። ሰውዬው ብዙ አልተናገሩም። ከፌስታል አንድ ዳቦ አውጥተው በእጃቸው ገመሱትና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ውስጡ ጠቆር ብሏል። ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ሞልቶታል። "ይኼን አንተ ለልጆችህ ትገዛለህ?" አሉኝ።

ያንን ዱቄት ያስፈጨሁት እኔ ነኝ።

ስለ ስንዴ ትንሽ ላስረዳ፤ ያለዚያ ነገሩ ግልጽ አይሆንም። ስንዴ ዝም ብሎ አይፈጭም። መጀመሪያ ውሃ ይሰጠውና ያርፋል። ጠንካራ ስንዴ ከሆነ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማረፍ አለበት። ውሃው ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ይሆናል፣ በቀላሉ አይሰበርም። ውስጡ ደግሞ ይላላል። እንዲህ ሲሆን የሚፈጨው ማሽን፣ ሮለሩ ውስጥ ሲገባ ቅርፊቱ ሰፋ ሰፋ ብሎ ይላቀቃል። ፉርሽካ የምንለው እሱን ነው። ስንዴው ካላረፈ ግን ቅርፊቱም አብሮ ይደቅቃል። የደቀቀው በወንፊቱ ያልፍና ከዱቄቱ ጋር ይቀላቀላል። ዳቦውን ያጠቆረው ይኼ ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ማኑዋል ላይ አንብቤዋለሁ። ስልጠና ላይም ሰምቼዋለሁ። ግን በዚያ ሳምንት ትዕዛዝ በዝቶብን ነበር። ከላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት ኩንታል ወጣ? ስለዚህ ስንዴው ስድስት ሰዓት እንዳረፈ ወደ ሮለር እንዲገባ አዘዝኩ። የዕለቱ ምርት ከፍ አለ። ተመሰገንኩም።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከሄዱ በኋላ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ሠራተኛ እጄን ይዘው ወደ ማሽኑ ወሰዱኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍጮ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ እፍኝ ፉርሽካ ዘግነው መዳፌ ላይ አደረጉት። "እየው። ሰፋ ሰፋ ያለ ከሆነ ስንዴው አርፏል። እንዲህ ከደቀቀ ቸኩለሃል። ዱቄቱ እስኪመለስ አትጠብቅ፤ ፉርሽካው ቀድሞ ይነግርሃል" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ፉርሽካ ሳልጨብጥ ፈረቃ አስረክቤ አላውቅም።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ከሦስት ወር በኋላ ከሽያጭ ክፍል ጋር ሳወራ ያ ዱቄት የመጀመሪያው ተመላሽ እንዳልነበረ ሰማሁ። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ከእኔ ፈረቃ የወጣ ዱቄት ተመልሷል። ሽያጭ ክፍል ተቀብሎ፣ በሌላ ቀይሮ፣ ሞዴል ሞልቶ፣ ፋይል አድርጎታል። ማንም ምንም አልደበቀም። ሁሉም ሥራውን በሥርዓቱ ሠርቷል። ለምርት ክፍል ይነገር የሚል ግን የትም አልተጻፈም። እኔ የተማርኩት የሽያጭ ኃላፊው ለቅሶ ስለሄደ ነው።

ይህንን ነገር ለዓመታት ሳብላላው ኖሬያለሁ። የደረስኩበትም ይህ ነው፦ ኃላፊ የሚማረው የውሳኔው መጨረሻ ተመልሶ ራሱ ላይ ሲመጣ ነው። መጽሐፍ ይረዳል። ስልጠና ይረዳል። ግን ወስኖ፣ የወሰነውን ፍሬ በዓይኑ ያየ ሰው የሚያውቀውን ያህል በሌላ መንገድ አይታወቅም። እና መጨረሻው ተመልሶ እንዲመጣ ወይም እንዳይመጣ የሚያደርገው የሰውዬው ጉብዝና አይደለም። የሥራው አደረጃጀት ነው። ማን ለማን ይነግራል? ማን ይወስናል? ጊዜ አለ ወይ? ስህተት ሲነገር ምን ይከተላል?

አበው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይላሉ። ለካህን እውነት ነው። ለኃላፊ ግን ነገሩ ተገልብጦ ነው ያለው። መጀመሪያ ይጠመጠምለታል። ጎበዝ መካኒክ ስለነበረ ወይም ጎበዝ የሒሳብ ሠራተኛ ስለነበረች ኃላፊ ይሆናሉ። ሰው ማስተዳደርን፣ ቅሬታ መስማትን፣ በግማሽ መረጃ መወሰንን የሚማሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ላይ ሆነው፣ ብዙ ጊዜም መማራቸውን ራሳቸው ሳያውቁት።

የእኛ መሥሪያ ቤቶች ለዚህ የሚሰጡት መልስ ይታወቃል። ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ሆቴል፣ ሦስት ቀን፣ ውሎ አበል፣ ሰርተፍኬት። ስልጠናን አልቃወምም፤ እኔም እሰጣለሁ። ግን ሰልጣኙ ሰኞ ወደ ሥራው ሲመለስ የሚጠብቀው ያው የበፊቱ ሰኞ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ "ሰው 70 በመቶ የሚማረው ከሥራ፣ 20 በመቶ ከሰው፣ 10 በመቶ ከኮርስ ነው" የሚል ቁጥር ሲጠቀስ ትሰማላችሁ። ምንጩ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ያለ አንድ የአመራር ጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሥራ አስኪያጆችን "ያሳደጋችሁ ምንድን ነው?" ብሎ የጠየቀው ነው። መልሱ የራሳቸው ትዝታ ነው፣ በሚዛን የተለካ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቁጥሩ ነገር አይደለም። አንዳንድ አለቆች ቁጥሩን ይዘው "ሥራው ራሱ ያስተምራቸዋል" ብለው እጃቸውን ያጣጥፋሉ። ሥራ በራሱ አያስተምርም። እኔ ያን ዱቄት ሦስት ጊዜ አበላሽቻለሁ፤ የተማርኩት በሦስተኛው ነው።

ስለ ጊዜ ላውራ። ካናዳዊው የአስተዳደር ተመራማሪ ሄንሪ ሚንትዝበርግ አምስት ዋና ሥራ አስኪያጆችን እያንዳንዳቸውን ለአንድ ሳምንት ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አወጣ። ከሥራቸው ግማሹ ከዘጠኝ ደቂቃ በታች የሚፈጅ ነበር። ከአንድ ሰዓት የሚበልጠው ከአሥር አንዱ ብቻ ነው። ይህ ትልቅ ቢሮ ያላቸው ሰዎች ውሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በ56 የፋብሪካ ፎርማኖች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ አንድ ፎርማን በስምንት ሰዓት ፈረቃ በአማካይ 583 የተለያዩ ነገሮችን እንደሚያከናውን አሳየ። ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሌላ ነገር ማለት ነው። ያኔ ስልክ በኪስ አልነበረም። ቴሌግራም ግሩፕም አልነበረም።

እንዲህ የሚውል ሰው ብዙ ነገር ይገጥመዋል። የገጠመውን ግን ቁጭ ብሎ የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ስንዴው ውሃ ጠጥቷል፣ አላረፈም።

የእኛ ፋብሪካ ውስጥ የምናርፈው መቼ ነበር መሰላችሁ? መብራት ሲሄድ። መብራት በድንገት ሲሄድ ሮለሩ ውስጥ ያለው እህል ይታፈናል። እሱን አጽድተን ስንጨርስ የሚሠራ ነገር የለም። ከረጢት ላይ ቁጭ ብለን መብራት እንጠብቃለን። አንዱ ሻይ ያመጣል። ያኔ ወሬ ይጀመራል። ያለፈው ሳምንት ቺንጋው ለምን ተበጠሰ? የሌሊቱ ፈረቃ ለምን ሁልጊዜ ይቀድመናል? ያ አዲስ ልጅ ለምን ዝም አለ? ጋሼ ስንዴ በጥርሳቸው ነክሰው እርጥበቱን ሲገምቱ ያየሁት እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ሰው ሲጣላ እንዴት እንደሚያስታርቁ የነገሩኝም እዚያው ነው። ኋላ ጄነሬተር ተገዛ። ለምርቱ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ እኔም ተደስቻለሁ። ግን ያ ከረጢት ላይ የሚደረግ ጨዋታ ቀረ። በምትኩ ምንም አላስቀመጥንም። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። በአጋጣሚ የተገኘ የትምህርት ሰዓት ሲጠፋ ማንም አያስተውለውም፤ በዕቅድ ላይ አልነበረማ።

ወደ ሥልጣን ልለፍ። በፈረቃ ኃላፊነቴ ሁለት አለቆች ነበሩኝ። የመጀመሪያው ደግ ሰው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ብደውል ያነሳል። ችግሩን እነግረዋለሁ፣ "እንዲህ አድርግ" ይለኛል፣ አደርጋለሁ፣ ማሽኑ ይነሳል። በዓመቱ ያው ችግር ሲመጣ ያው እደውላለሁ። ሁለተኛውም ስልክ ያነሳል። ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ "አንተ ምን አሰብክ?" መጀመሪያ ሲጠይቀኝ ተናደድኩ። ማሽን ቆሞብኝ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ያሰብኩትን ስነግረው ሰው የሚጎዳ ወይም ማሽን የሚሰብር ካልሆነ በቀር "አድርገው፤ ጠዋት እናወራለን" ይላል። ጠዋት ደግሞ ቃሉን ይጠብቃል። ሻይ ይዞ ይመጣና "እሺ፣ ምን ሆነ?" ይላል። አሥር ደቂቃ አይሞላም። በስድስት ወር ውስጥ የሌሊት ስልኬ ከሞላ ጎደል ቆመ።

ሮበርት ካራሴክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህንኑ ነገር በመረጃ አሳይቷል። የስዊድንና የአሜሪካ ሠራተኞችን ነው ያየው። እንደ እሱ አባባል የሥራ ጫና ለብቻው አይደለም ሰውን የሚጥለው። ጫናውም፣ በሥራው ላይ የመወሰን ነጻነቱም ከፍ ሲሉ ሰው ይማራል፣ ያድጋል። ጫናው ከፍ ብሎ ነጻነቱ ሲጠፋ ይጨነቃል፣ ይታመማል። ሁለቱም ሲወርዱ ደግሞ የነበረውን ችሎታ እንኳ ቀስ በቀስ ያጣል።

አሁን የእኛን ቢሮዎች በዚህ ዓይን እዩ። የፈረቃ ኃላፊው የሚጠየቀው በምርቱ ነው። ጫናው እሱ ላይ ነው። አንድ ኩሽኔታ ለማስገዛት ግን ሦስት ፕሮፎርማ፣ አራት አምስት ፊርማ፣ ሁለት ሳምንት። የግዥ ቁጥጥር አያስፈልግም አልልም፤ ያስፈልጋል። ግን ውሳኔው ሁሉ ወደ ላይ ከወጣ መማሩም አብሮት ወደ ላይ ይወጣል። ታች ያለው የሚማረው ወረቀት ማስፈረምን ብቻ ነው። በዚያ በጣም ይካናል። አሥር ዓመት ቆይቶ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን ታዲያ መወሰን ይፈራል፣ እኛም "ደካማ ነው" እንለዋለን።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ ፍርሃት ነው። ግምገማን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስሙ ጥሩ ነው። መገምገም ማለት የሠሩትን መለስ ብሎ ማየት ነው፣ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ግን ስህተት እንደ ክስ የሚነበብበት፣ የተናገረው ሰው ስም ፋይል ውስጥ የሚገባበት ከሆነ ሰው ምን ይማራል? ጥሩ አድርጎ መደበቅ። ሪፖርት ማሳመር። "በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል" የሚል ዓረፍተ ነገር።

ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የነርሶችን ቡድን ስታጠና ጥሩ ቡድን የመድኃኒት ስህተቱ ያነሰ ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። የመጣው ቁጥር ተቃራኒው ሆነ። ጥሩ የሚመሩት ቡድኖች የመዘገቡት ስህተት በዛ። ነገሩን ጠለቅ ብላ ስታየው ጥሩዎቹ የበለጠ ስለሚሳሳቱ አይመስልም። ስህተታቸውን ስለሚናገሩ ነው። ሌሎቹ ዘንድ ስህተቱ አለ፣ ወረቀት ላይ የለም። ከእናንተ መካከል ከበታቹ ካሉት "ችግር የለም" የሚል ሪፖርት ብቻ የሚደርሰው ካለ፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ አስቡበት።

ቀጥሎ የምለው ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ትልቅ ነው። ለሦስት ዓመት ወደ ሥራ የምሄደው በሰርቪስ ነበር። ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ከጋሼ አጠገብ እቀመጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ብዙ አናወራም። ማታ ግን የዕለቱን ነገር እናነሳለን። "ዛሬ ያን ልጅ ሰው ፊት ባትቆጣው ጥሩ ነበር" ይሉኛል። ደግሞ ሌላ ቀን "ስብሰባው ላይ መጨረሻ መናገርህ በጀህ" ይሉኛል። እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አይጻፍም። ከዚያ የምርት ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ፒክአፕ ተሰጠኝ። ዓመት ያህል ቆይቼ ነው ያስተዋልኩት፦ ስሳሳት የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ሰዎቹ አልተለወጡም። እኔ ከሰርቪሱ ወረድኩ እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶች ኃላፊዎች ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የላብራቶሪ ኃላፊያችን ሴት ነበረች፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሯት። የእርጥበቱ ቁጥር፣ የዱቄቱ ጥራት፣ ሁሉም እሷ እጅ ላይ ነው። እኛ ወንዶቹ ግን ከሥራ በኋላ ግሮሰሪ ቁጭ ብለን ነበር የምንመካከረው። ማን ምን እንደወሰነ፣ ለምን እንደወሰነ፣ የትኛው ደንበኛ እንዳኮረፈ የሚወራው እዚያ ነው። እሷ ያን ሰዓት ልጆቿን ትመግባለች። በማግስቱ "ለምን አልሰማሁም?" ስትል የሚመለስላት መልስ አልነበረም። ያኔ አላየሁትም፤ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። በሥራ ላይ የሚገኝ ትምህርት ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ከሥራ ቦታ ውጭ ከሆነ፣ ግማሹ ሰው በሩ ላይ ይቀራል። ኋላ ያንን ምክክር ወደ ጠዋት አራት ሰዓት ቡና አመጣነው፣ ላብራቶሪው በረንዳ ላይ። ከሳምንት በኋላ የስንዴ ማረፊያ ሰዓቱን በዓይነቱ እየለየች የጻፈችውን ሠንጠረዥ ይዛ መጣች። ለካ ከዓመት በላይ ስትመዘግብ ኖራለች። የጠየቃት አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሹም ሽር። ኃላፊው ሥራውን ሊለምድ ሲል ይነሳል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ይብሳል፣ በግሉም አለ። ሰው ተዘዋውሮ ቢሠራ ብዙ ያያል፣ እውነት ነው። ግን የአንዳንድ ውሳኔ ፍሬ የሚታየው በሁለት በሦስት ዓመት ነው። የቀጠርከው ልጅ ምን ዓይነት ሠራተኛ ሆነ? ያስገዛኸው ማሽን ስንት ጊዜ ቆመ? ይህን ሳያይ የሚሄድ ኃላፊ መጀመር ብቻ ይማራል። የጀመረው ሲበላሽ የሚያየው ተተኪው ነው፤ ተተኪው ደግሞ የበፊቱን ሰው ይወቅሳል እንጂ ከነገሩ አይማርም። ሁለቱም አጡት። እኔ ብሆን የተዘዋወረ ኃላፊ በዓመቱ ወደ ቀድሞ ክፍሉ ተመልሶ ግማሽ ቀን ቁጭ ብሎ እንዲያይ አደርግ ነበር። ወጪው የአንድ ቀን ነዳጅ ነው።

ካይዘን የሚባለው ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ አገራችን ሲገባ ብዙ ተስፋ አድርጌ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጃፓኑ የትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በ30 ፋብሪካዎች ተሞከረ፣ በ2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ብዙ ቦታ ግቢው ጸዳ፣ ዕቃ ቦታ ቦታውን ያዘ። ጥሩ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው አለቃው ሥራው ወደሚሠራበት ቦታ ራሱ ሄዶ እንዲያይ የሚጠይቀውን ነው። ጃፓኖቹ ቦታውን ጌምባ ይሉታል። ሄዶ "ማን አጠፋ?" ሳይሆን "ለምን ሆነ?" ብሎ ይጠይቃል። ለመልሱም እንደገና "ለምን?" ይላል። የካይዘን ሰሌዳው ተሰቅሎ ይህ ጥያቄ የቀረበት ፋብሪካ ብዙ አይቻለሁ። ሰሌዳውን መስቀል ይቀላል። አለቃ ከወንበሩ ተነስቶ ሳይቆጣ መጠየቅ ነው ከባዱ።

ምን አደረግህ ትሉኛላችሁ። የምርት ክፍል ኃላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ከሽያጭ ኃላፊው ጋር ተነጋገርንና ተመላሽ ዱቄት ሁሉ ወደ መጋዘን ከመግባቱ በፊት በምርት ክፍል በኩል እንዲያልፍ አደረግን። የፈረቃው ኃላፊ ራሱ ከደንበኛው ይረከባል። ለቅጣት አይደለም፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ተናግረናል፣ አንድም ሰው በዚያ ተቀጥቶ አያውቅም። ፒክአፑንም በሳምንት ሁለት ቀን አቁሜ በሰርቪስ መሄድ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንድ ልጅ ዱቄታችንን ከሚገዙ ዳቦ ቤቶች ዳቦ ገዝቶ ይመጣል፣ በየሳምንቱ ከተለያየ ቤት። ላብራቶሪው በረንዳ ላይ ረዘም ያለ ጠረጴዛ አለ። የሦስቱም ፈረቃ ኃላፊዎች፣ የላብራቶሪ ኃላፊዋ፣ ከሽያጭ አንድ ሰው ይመጣሉ። ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላም ቅዳሜን አልተዉም። ዳቦውን ይገምሱታል፣ ወደ ብርሃን ያነሱታል፣ ያሸቱታል። ከዚያ ይጠይቃሉ፦ "ይኼ የማን ፈረቃ ነው?" አንዱ እጁን ያነሳል፣ ስንዴው ስንት ሰዓት እንዳረፈ ይናገራል። ዳቦውን በሻይ እየበላን እንቀጥላለን።